ነጩ ግድግዳ

ባልቴቷ ለሽንኩርቷ የቀዳችውን ውሃ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሆና ልጅቷን ታያለች። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ወንዙ ዳር ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ጣውላ አለ። ወንዙን ታያለች፣ ወረቀቱን ትነካለች፤ ዛፉን ታያለች፣ ወረቀቱን ትነካለች። አሁን ደግሞ አንድ ዓይኗን ጨፍና ብሩሹን ወደ ባልቴቷ ቤት ቀሰረች።

አምና መሬት ሊለኩ የመጡትም እንዲሁ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሦስት እግር ባለው መሣሪያ አዩ፣ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረጉ፣ አመስግነው ሄዱ። ወር ሳይሞላ የጎረቤቷ ቤት ፈረሰ። ወንዝ ዳር መኖር አይፈቀድም ተባለ። ጎረቤትየው ዛሬ በልጁ ቤት ሳሎን ውስጥ ይተኛል። እሷ የሚያስጠጋት ልጅ የላትም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሏት እንጂ፣ ባልዲዋን ትታ ወረደች።

ልጅቷ ብድግ ብላ፣ እንደምን ዋሉ እማማ፣ አለቻት። ትሕትናዋም ባልቴቷን አልጣማትም፤ ያፈረሱትም ትሑቶች ነበሩ። ማን እንደላካት ጠየቀቻት። ማንም አልላከኝም፣ ዛሬ ዕረፍቴ ነው፣ ወንዙ ደስ ብሎኝ ነው አለች ልጅቷ። በዚህ የበጋ ፀሐይ ውሻዋ እንኳ ጥላ ፈልጎ ተጋድሟል፤ ደስ ብሎት የሚጠበስ ሰው ግን ባልቴቷ በዕድሜዋ አላየችም።

«እስኪ አሳዪኝ።»

ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ የጎበጠው ዛፍ፣ የሽንኩርቱ መደብ ሳይቀር። ቤቷ ብቻ የለም። መሆን በነበረበት ቦታ፣ በአረንጓዴው መሃል፣ ባዶ ወረቀት ተትቷል።

«ቤቴስ?»

«ይኸው እኮ፣ እማማ።» ጣቷ ባዶው ላይ ነው።

«ምኑን ነው ይኸው የምትይኝ?»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት። በውሃ ቀለም ነጭ ነገር አይቀባም፣ ይተዋል። ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው፤ ቀለሙ ዙሪያውን ይዞራል። እዚህ የተቀመጠችውም ግድግዳው ከሩቅ ሲያበራ ዓይኗን ስለሳበው ነው።

ግድግዳውን በየዓመቱ ኖራ የምትቀባው ባልቴቷ በገዛ እጇ ነው።

«ሽንኩርቴን አልተውሽም። ያንን ጎባጣ ዛፍ አልተውሽም። እኔ ጋ ስትደርሺ ቀለም አለቀብሽ?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የቀለም ሳጥኗን ዘረጋችላት። እውነትም ነጭ የለም። ባልቴቷ ቀለሞቹን አንድ በአንድ አየች። ቀዩ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆየ።

«ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለችና ሽቅብ ወደ ቤቷ ወጣች።

ከአልጋዋ ላይ ቀዩን ብርድ ልብስ ገፍፋ አመጣችው። መስኮቱ ላይ አንጠልጥላ በነጩ ግድግዳ ላይ በወንዙ በኩል ቁልቁል ለቀቀችው፤ እጥፋቱን በመዳፏ አቃናች። ከዚያ አጠገቡ ቆማ እጆቿን አጣመረች።

ታች ልጅቷ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ጎንበስ አለች። የትኛውን ቀለም እንደነካች ከዚህ አይለይም። ጥቂት ቆይታ ከብሩሽ ማጠቢያ ብርጭቆዋ የደፈረሰውን ውሃ ደፋችና ከወንዙ ሞላችው፤ ብሩሹን ነከረችው። ፀሐይ ላይ፣ የብርጭቆው ንጹሕ ውሃ ቀላ።

ባልቴቷ አየችው። ከግድግዳው ግን አልተነቃነቀችም፤ ሥዕሉ እስኪደርቅ።