አምስተኛው ጌጥ

የእናታቸው አርባ በወጣ ማግስት ሚለንና ታናሽ ወንድሟ ተክለኣብ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ በእናታቸው ሳሎን፣ ጌጦቿን ሊከፋፈሉ ተገናኙ። መጀመሪያ ሁሉም ፎቶ ይነሳ ያለችው ሚለን ናት፤ ወንድሟን አላመነችውም። ተክለኣብ እየተነጫነጨ ከተሰበረ ወንበር እግርና ከቁራጭ ጣውላ ለሚለን ስልክ ማቆሚያ ሠራ። ስልኩ ከላይ ሆኖ ጠረጴዛውን ቁልቁል ያያል።

ነጩ ጨርቅ ላይ አራት ጌጦች ተደረደሩ።

«የእማዬ የጋብቻ ቀለበትስ?» አለች ሚለን።

«ስንት ጊዜ ልማልልሽ? አልወሰድኩም!»

«ሌባ! ገና አፈሯ እንኳ ሳይደርቅ!»

ተክለኣብ በንዴት ጠረጴዛውን ደበደበው። ሚለን የተንጋደደውን ስልክ አስተካክላ ፎቶውን አነሳች። ስክሪኑ ላይ አምስት ጌጦች ታዩ። ቀለበቱ ከብር መስቀሉ አጠገብ ነበር። ጨርቁ ላይ ግን አሁንም አራት ናቸው።

«ስልኬን ምን አደረግክብኝ?» ብላ ጮኸችበት።

ሚለን እልህ ይዟት ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ ጫነች። ቀዝቃዛ ብረት ነካት። እጇን ልትመልስ ስትል አንድ እጅ አንጓዋን ጭምቅ አድርጎ ያዛት፤ ሌላው ቀለበቱን እየገፋ እስከ ጣቷ ሥር አጠለቀላት።

ተክለኣብ ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት እጆቹን አፉ ላይ ጭኖ ቆሟል።