ሁለተኛው ስም

ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። አሮጌ ኮምፒውተሩ ለእማዬ ይሁናት ብዬ ምንም ያልተጻፈበት አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጠምኩበትና አቅሙ የሚችለውን ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ስርዓተ ክወና ጫንኩበት። የተጠቃሚ ስም ሲጠይቀኝ የእማዬን ስም ብቻ ጻፍኩ።

ሲከፈት ግን መግቢያው ላይ ሁለት ስም መጣ፤ የእማዬና የወንድሜ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሁሉንም አጥፍቼ ከመጀመሪያው ጫንኩት። አሁንም ሁለት ናቸው።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ እማዬ፣ ልብስ እያጣጠፈች።

«የሱ ስም አልጠፋ አለኝ። የይለፍ ቃልም ይጠይቃል።»

መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። በአንድ ጣቷ ፊደሎቹን እየፈለገች ቀስ ብላ ጻፈች። ተከፈተ።

«ማን ነግሮሽ ነው?» አልኳት።

«ራሱ ነዋ» አለችኝ። «ጠዋት፣ አንቺ ገበያ ሄደሽ ሳለ።»