የቅዳሜው አሻራ

ሰውየው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የጣት አሻራ ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ዓይናቸው ግን ጡረታ አልወጣም፤ አሁን የሚጠብቀው የቤታቸውን የፊልም ፕሮጀክተር ነው። ባለቤታቸው የሚቀመጡበት ወንበር ትራስ የለውም። ፕሮጀክተሩ ግን ከሥሩ ስፖንጅ፣ ከላዩ ሁለት ጨርቅ አለው። ፊልም ሲያሳይ ያየው የለም፤ ይጎዳላ!

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይጸዳል። ሶኬቱ ይነቀላል፣ ፊልሙ የሚያልፍበት ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ከወር ወዲህ ደግሞ ጥንቃቄው ጨምሮ ሌንሱ በደረቅ ጨርቅ መወልወሉ ቀርቷል፤ አልኮል በነካው ጥጥ ከመሃል ወደ ዳር ይታሻል። “ሌንስ በጣት አይነካም” የሚለው ትምህርት በየሳምንቱ ይሰጣል። ተማሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ባለቤታቸውና ጓሮ ክፍል የሚኖረው የባለቤታቸው ወንድም፣ ግንበኛው።

አንድ ቅዳሜ የሌንሱን ክዳን ሲከፍቱ መሃሉ ላይ አሻራ አገኙ። የቀኝ አውራ ጣት ነው። ጥርት ያለ፣ አንዲት ሰያፍ መስመር ያቋረጠችው። አጸዱት። በሳምንቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። በሦስተኛው ሳምንትም እንደዚያው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወልውሎ ይተወው ነበር። እሳቸው ምርመራ ከፈቱ። የባለቤታቸውን አሻራ ከሻይ ብርጭቆ ላይ አነሱ፤ አልገጠመም። ግንበኛውን ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ አስጫኑት። ሃያ ዓመት ከሲሚንቶ ጋር የኖረው አውራ ጣት ጥቁር እድፍ ብቻ ትቶ ተነሳ፤ አንድም መስመር አልወጣውም።

“ጋሼ፣ የኔ ጣት እኮ አልቋል” አላቸው። “መታወቂያ ሳወጣም አልነበብ ብሎ ሦስት ቀን አመላልሰውኛል።”

መርማሪው ፈገግ አሉ። አሻራ የሌለው ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። በዚያ ላይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሦስት ነው፦ አንዷ ነጻ ወጥታለች፣ አንዱ መርማሪ ነው፣ የቀረው አንድ ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ በሥራ ዘመናቸው እንኳ አላገኙም። ግንበኛው እስከ ሐሙስ ክፍሉን እንዲለቅ ተነገረው።

ባለቤታቸው ለመኑ፣ አለቀሱ። “ከእናት ከአባቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ለአንድ ጣት ብለህ ወንድሜን ታባርርብኛለህ?”

“ለጣት አይደለም፤ ለእውነት ነው” አሉ መርማሪው፣ ድምፃቸውን ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው አስተካክለው።

ሐሙስ ግንበኛው ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። እህቱ በሩ ላይ አንገቱን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ለመርማሪው ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ ቃል ግን አይቀርብላቸውም።

ቅዳሜ ክዳኑን ሲከፍቱ አሻራው እዚያው ነበር። ግንበኛው ከመውጣቱ በፊት ያስቀመጠው የመሰናበቻ ስጦታ ነው ብለው መዘገቡት። ከእንግዲህ ቤቱም ሌንሱም ንጹሕ ነው። አዲስ ጥጥ በአልኮል ነክረው፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በትዕግሥት አሹት።

ከዚያም እንደ ሰሞኑ ልማዳቸው፣ የድሮ የምላጭ ጠባሳ ባለበት የቀኝ አውራ ጣታቸው የሌንሱን መሃል ጫን አድርገው፣ አልኮሉ መድረቁን አረጋገጡና ክዳኑን ገጠሙት።