ክዳን የሌለው ባልዲ

ባልየው የተቀቀለውን አተር እየላጠ በሹካ ይደፈጥጣል። ሚስቱ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሹካውን ድምፅ ታዳምጣለች።

«ገና ነው፤ ፍሬው አልጠፋም» ትለዋለች። እንደ ጨዋ ተማሪ ሳይከራከር እንደገና ይደፈጥጣል።

ቀኝ ዓይኗ ከታከመ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ግራው አርባ ዓመት ሙሉ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያሾልክ ኖሮ ቀድሞ ደክሟል፤ ብርሃንን ከጥላ ቢለይ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እርሷ ታዛለች፣ እርሱ ያያል፣ እርሱ ይሠራል። ወርቃማዎቹን ዓሣዎች መመገብም፣ የገንዳቸው ውኃ ሲጎድል ከባልዲው እየቀዱ መሙላትም የእርሱ ድርሻ ሆኗል። እርሷ ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ ሦስት ነበሩ። ማክሰኞ አንዱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተገኘ፤ ትናንት ሁለተኛው ተከተለው። የቀረችው አንዲት ናት፤ እርሷም ከመስታወቱ ገንዳ ጥግ ተወሽቃ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች።

ሴትዮዋ ጥፋቱን በራሷ ላይ ጥላለች። ከመታከሟ በፊት ለሁለት ሳምንት የሚበቃ የዓሣ ምግብ አዘጋጅታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑራ ነበር፤ በዚያ በደከመ ዓይኗ የተበላሸ ካሮት ሳታይ እንደጨመረች አምናለች። ዛሬ ጠዋት ያንን ሁሉ አስጥላዋለች። እንቅልፍ እንደነሳትም ባልየው ያውቃል፤ አጠገቧ ተኝቶ ስትገላበጥ ሰምቷል።

አተሩ ይልማል፤ ካሮቱም ይፈጫል። አሁን ማርጊያው ጄላቲን የሚሟሟበት ውኃ መሞቅ አለበት። ውኃው ከየት እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ ያው ከራሷ ባልዲ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው እንደሆነ ይነግራታል። ኩባያውን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች።

«ሁለት ቀን አድሯል?»

«ሁለት ቀን ሙሉ።»

«ታዲያ ምነው አንተን አንተን ይሸታል?»

ሹካው በእጁ ላይ ይቆማል። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው የውኃ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ሠርቷል። አዲስ ሙሽሮች ሳሉ ክሎሪን ክሎሪን የሚለውን የሸሚዙን አንገትጌ እያሸተተች ትስቅበት ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሽታው ከጣቶቹ የለቀቀ አይመስለውም።

ባልዲው ዱሮ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ ይቀመጥ ስለነበር አይቶት አያውቅም። ፍለጋ እንዳይንከራተት ብላ ወደ ወጥ ቤት ያስመጣችው በዚህ ሳምንት ነው። እርሱም ማታ ማታ በሮቹን ሲቆልፍ ያ ባልዲ አፉን ከፍቶ ያገኘዋል፤ የቆመ ውኃ፣ ያውም ክዳን የሌለው። ታማሚ ናት፣ ረስታው ይሆናል ብሎ አንጀቱ ተንሰፍስፎ ከመደርደሪያው የክሎሪኑን ብልቃጥ ያወርዳል፣ ጠብታውን ቆጥሮ ይጨምራል፣ በድስት ክዳን ይከድነዋል። ሲነጋ ከእርሷ ቀድሞ ተነሥቶ ክዳኑን አንሥቶ ወደ ቦታው ይመልሳል። ውለታውን አልተናገረም።

በማጣሪያው መግቢያ ላይ፣ ከወንዙ የመጣው ውኃ መርዝ እንዳለበት ለማወቅ ዓሣ ያኖሩ ነበር። ክሎሪኑ ከገባበት ገንዳ ግን አንድም ቀን ዓሣ አኑረው አያውቁም። ለምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ዕውቀቱ ቤቱ ድረስ ተከትሎት አልመጣም እንጂ።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ማለት ይችላል። ይህን ደፍቶ ሌላ ቢቀዳ የሚያየው የለም።

«ካሮትሽ ምንም አልነበረበትም» ይላል።

ከዚያ ሁሉንም ይነግራታል፤ ብልቃጡን፣ ክዳኑን፣ የጠብታውን ቁጥር ሳይቀር። ስትሰማው እጆቿ በጉልበቷ ላይ የሌለ ጨርቅ ያጥፋሉ።

«እኔ ክሎሪኑ እንዲበን ብዬ ከፍቼ አስቀምጣለሁ» ትላለች በመጨረሻ፤ «አንተ ጨምረህ ትከድናለህ።»

«አዎ።»

«አገር በሙሉ የጠጣውን መድኃኒት ሦስት ዓሣ አልቻለውም በለኛ።»

«ሁለት» ይላል። «አንዷ አለች።»

«አለች? ታዲያ ምን ተገትረህ ታየኛለህ?»

ባልዲውን ደፍቶ አጥቦ ንጹሕ ውኃ በሰፊ ድስት ይጥዳል። ይፈላል፤ ሳይከደን ሃያ ደቂቃ ይንተከተካል። ከዚያ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ነፋስ እንዲገባበት ከዕቃ ወደ ዕቃ ይገለብጠዋል። ጭራሽ ሲበርድ ኩባያውን ያቀብላታል። ታሸታለች፤ ጣቷን ነክራ ትልሳለች።

«ምንም» ትላለች። የእርሱን ውኃ እንዲህ ብሎ ያመሰገነው ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።

ከገንዳው ሲሶውን አውጥቶ በዚህኛው ውኃ ቀስ እያለ ይተካል። የቀረውን አሙቆ ጄላቲኑን ያሟሟበታል፤ ከአተሩና ከካሮቱ ጋር ለውሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያረጋዋል። ሲረጋም ምስር የምታህል ቁራሽ በቢላዋ ጫፍ ቆርጦ በውኃው ላይ ይጥላል። ሚስቱ መስታወቱን በመዳፏ ይዛለች።

«ንገረኝ» ትለዋለች።

«ከጥጓ ወጣች። መጣች… ጎረሰች።»

የሴትዮዋ ከንፈር በፈገግታ ሊፈታ ሲል ዓሣዋ የጎረሰችውን ትተፋዋለች።

«ተፋችው» ይላል።

እጇን ከመስታወቱ ላይ አታነሣም። አረንጓዴዋ ቁራሽ እየተንከባለለች ወደ ጠጠሩ ትወርዳለች። ዓሣዋ ለአፍታ እንዳለች ትቆያለች፤ ከዚያ ጭራዋን አንዴ ወዝወዝ ታደርግና ቁልቁል ትከተላታለች፤ እርሱም የሚያየውን ሁሉ በቃሉ ለእርሷ ለማድረስ ጉልበቱን አጥፎ ግንባሩን ወደ መስታወቱ ያስጠጋል።