የጥር ሣር

ሞራቫ ወንዝ ዳር የሣር ማጨጃ ሞተር የሚጠገነው በጥር ነው፤ በዚያ በረዶ ማን ያጭዳል? ጠጋኙ ሚሎራድ ግን የጎረቤቱን የጎስፓቫን ማጨጃ ሲገለብጥ፣ ቢላው ላይ ገና አሁን የታጨደ እርጥብ ሣር ተለጥፎ አገኘ።

«እትዬ ጎስፓቫ፣ ይኼን ማን ነው የነካው?»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም። እሱ እንደሆነ በቁሙም ሰው እንዲነካበት አይወድም ነበር።»

«ታዲያ ሣሩ ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

የደበቁኝ ነገር አለ፣ አለ ሚሎራድ በሆዱ። እንደ ልማዱ ሞተሩ ድንገት እንዳይነሳ፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈቶ ደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሣሩን ሊጠርግ እጁን ሰደደ።

ጣቶቹ ቢላው ጋ ሳይደርሱ ሞተሩ ተነሳ።

እጁን መንጭቆ ኪሱን ዳበሰ። ካንዴላው እዚያው ነበር።