የሰባት ቀን የቤት ሥራ

ልብስ ሰፊው ጥላውን የማያምን፣ ደንበኛ ፈገግ ሲል እንኳ «እጅጌው ተንሻፎበት ይሆን?» የሚል ሰው ነበር። ልጁ ደብተሯን ከጀርባዋ ስትሸሽግ ሲያያት የስፌት መኪናውን አቆመ።

«አምጪው!»

«የመጽሐፍ ቅዱስ ደብተር ነው፣ አባዬ።»

«የመጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ ምኑ ይደበቃል?»

ሰሞኑን ምግብ በቀረበ ቁጥር እሱን በጎን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። በሆዱ «ይቺ ልጅ እየረገመችኝ ነው» ብሎ ከያዘ ቆይቷል። ደብተሩን ነጥቆ ገለጠው። ከላይ በአስተማሪዋ እጅ «ለጠላታችሁ ሰባት ቀን ጸልዩ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ልጅቷ በማስመሪያ ሰባት ሣጥን አስምራለች፤ አምስቱ ላይ የራይት ምልክት ነበር። ስም በሚለው ቦታ ላይ «አባዬ» ይላል።

«እኔ ነኝ ጠላትሽ? የማበላሽ፣ የማጠጣሽ?»

«ጠላት የለኝም ብያቸው ነበር» አለች ወደ በሩ እያፈገፈገች። «ቲቸር ‹እንግዲያው የምትፈሪውን ሰው ጻፊ› አሉኝ።»

ጣቱ ባዶው ስድስተኛ ሣጥን ላይ ቆየ።

«የዛሬውን» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆኖበት፣ «ጸልየሻል?»