ዝም ያለው ፖርት

አሥራ ስድስተኛውን ፖርት፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ፣ ዘግቼ አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ይዘገያል። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ከሚያገናኘው ስዊች በሚወጣው ገመድ ላይ፣ ከእኔ በፊት ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረው ባለፈው ወር ጡረታ የወጡት ጋሼ የጻፉት ወረቀት ተለጥፏል፤ «አይነካም» ይላል። ምክንያት የለውም። ሰውየው ሲያወሩ ሰዓት አይበቃቸውም፣ ሲጽፉ ግን አንድ ቃል ነው።

ትናንት አንድ ሰው የአንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ግድግዳው ላይ ባሉት መሰኪያዎች ሰክቶ ኔትወርኩን ሁለት ሰዓት ሙሉ ገደለው። የወረደብኝን ስድብ ለጠላቴም አልመኝ። ስለዚህ አለቃዬ አዘዋል፦ ወር ሙሉ መረጃ ያላለፈበት ፖርት ሁሉ ይዘጋ። ክፍት የሚቀረውም እንደገና በተከፈተ ቁጥር ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቅ፣ ገመዱ ዞሮ ወደ ራሱ አለመመለሱ ይጣራ። የሠላሳ ሰከንዱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበታለሁም።

አለቃዬ በበሩ ብቅ ይላሉ። «አልጨረስሽም?»

«አሥራ ሰባት ላይ ነኝ። አይነካም ይላል።»

«መረጃ አልፎበታል?»

«አርባ ቀን ሙሉ ምንም።»

«ታዲያ ለወረቀት ልትታዘዢ ነው?»

እዘጋዋለሁ። እሳቸው ይሄዳሉ፤ እኔም ወደ አሥራ ስምንት አልፋለሁ፣ ዓይኔ ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ሃያ አንድ ላይ ስልኬን አንስቼ ጋሼ ጋ እደውላለሁ።

«እንዴት ነሽ ልጄ?» ይላሉ ጋሼ። «ቤት ሰላም ነው? የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ?»

«ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ምንድን ነው?»

የእናቴን ጉልበት ወዲያው ይተዉታል።

«ዘጋሽው?»

«ሩብ ሰዓት ሆነው።»

«የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የኦክስጅን ማስጠንቀቂያ ነው። ኦክስጅኑ ሲጎድል ብቻ ነው ለነርሶቹ የሚናገረው፤ ካልጎደለ ትንፍሽ አይልም። ክፈቺው። ጎድሎ ከነበረ መልእክቱ ሲያልፍ የፖርቱ መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።»

እከፍተዋለሁ። ገመዱ እስኪጣራ መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ይቆማል። ሠላሳ ሰከንድ፣ በገዛ እጄ ያስገባሁት። ክፍሉ ሦስት ፎቅ በላይ ነው፤ ሮጬ አልቀድመውም። ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተራቸውን ልሠራ ገብቼ ሕፃናቱን አይቻቸዋለሁ፤ አምስት ናቸው፣ አንዷ ከጫማዬ አትበልጥም።

እቆጥራለሁ፦ አሥራ ሁለት። ሃያ። ብልጠቴን እረግማለሁ፣ አለቃዬን እረግማለሁ፣ አንድ ቃል ጽፈው የሄዱትን ሰውዬም አልምራቸውም። ሃያ ዘጠኝ።

አረንጓዴ።

ጠዋቱን ሙሉ ዝም ያለውን ሁሉ ስዘጋ አርፍጄ፣ አሁን ዝም በል እያልኩ አንዲት ትንሽ መብራት እለምናለሁ። አትጠቅስም። አሁንም አትጠቅስም።

«ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

ረጅም ትንፋሽ እሰማለሁ፤ የእኔ ይሁን የእሳቸው አልለየሁትም።

«እሺ» ይላሉ። «የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ?»

«ተሽሏታል» እላለሁ፣ ዓይኔን ከመብራቷ ሳልነቅል።